ሞራ የተቀባችው ቮልስ

ከሞላሌ ወደ መሐል ሜዳ በታክሲ ስንሄድ፣ አጠገቤ የተቀመጠውን ጎልማሳ ከፊቱ ያለው ወዳጁ ዞር ብሎ ጠየቀው።

«ያቺ እቤትህ የምታድሳት አሮጌ ቮልስ እንዴት ሆነች?»

«ዝገቷን ፍቄ ፍቄ ጨረስኩት። ሞተሯም ተነሳ።»

«ታዲያ በታክሲ ምን አስኬደህ?»

«ዳግም እንዳትዝግ ውስጥ ውጭዋን የበግ ሞራ ቀባኋት። ሚስቴ በሁዳዴ ሞራ ላይ አልቀመጥም ብላ ወንድሟ ቤት ገባች።»

«እጠባት እንጂ።»

«ካጠብኳትማ ትዝጋለች።»

«የኑግ ዘይት ቀባት።»

«ዘይቱንማ ሚስቴ ይዛው ሄደች። አሁን መኪና ይጾማል ወይ ብዬ ንስሐ አባታችንን ልጠይቅ ነው። ሞራ በተቀባች መኪና ደጃቸው አልቆም።»

«ይጾማል ካሉህስ?»

«ከሁለቱ አንዷን መምረጥ ነዋ።»

«የትኛዋን?»

«ቮልሷን እኮ ከዝገት ያወጣኋት በስንት መከራ ነው።»

ጋቢዬን ሞራ እንዳይነካው ከሰውየው እጅ ሰብሰብ አድርጌ ወደ መስኮቱ ተጠጋሁ።