ተንሸራታቾቹ በተኖች

እንዴት አደርሽ፣ እህቴ? ያቺ ወንበርሽ ሲጢጥ ማለቷን ተወች? እሰይ! መስኮቱን ልክፈተው እንዴ፣ ትንሽ አየር ይግባ…

የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰሽ አሉ። ገና የሙከራ ጊዜሽን እንኳ ሳትጨርሺ… አይዞሽ። ስብሰባው ላይ «የክሊኒኩ ቀጠሮዎች የጠፉት ከመረጃ ቋቱ ነው» ተባለ አይደል? እንዴት ያለ ጨዋ አነጋገር ነው! መረጃ ቋቱን የያዝሽው አንቺ ብቻ እንደሆንሽ ትንፍሽ ሳይሉ…

እኔ ግን ያንን ፕሮግራም ሳየው ደስ ይለኛል። በሽተኛ በመጣ ቁጥር ስክሪኑ ላይ ሁለት የሚጫኑ በተኖች ይፈጠራሉ፤ «መዝግብ» እና «ሰርዝ»። ጥበብ ያልገባን እኛ ብንሆን ቦታቸው ላይ ገትረናቸው ወደ ቤታችን ነበር። እነዚህ ግን የሠራቸው ሰው ጥበበኛ ስለሆነ ከግራ ጥግ ተነስተው እየተንሳፈፉ ይመጣሉ! አለቆቹ አጨበጨቡ እኮ። ታዲያ «ሰርዝ» ወደ ቦታው ሲያልፍ የ«መዝግብ»ን ቦታ ለአፍታ ቢረግጥ ምን ይደረግ? የካርድ ክፍሏ ሴትዮ «መዝግብ»ን ልትጫን እጇ ፈጠነ። እስኪደርሱ ቆማ ብታደንቅ ምን ነበረበት? አሥራ አንድ ቀጠሮ ሰረዘች… ልጇን አዝላ የመጣች እናትም «ስምሽ የለም» ተብላ ተመለሰች። እስኪቆሙ ድረስ እንዳይጫኑ መቆለፍ አንድ መስመር ኮድ ነው። አንድ መስመር ደግሞ ለትልቅ ሰው ያንሳል።

ዲዛይኑ ላይ ያልነበረ ነገር ድንገት ይፈጠርና ከሁሉ በላይ ጉብ ይላል… ኧረ ስለ በተኑ ነው የማወራው! ሊይዙት ሲሉ ደግሞ እንዴት ልስልስ ብሎ እንደሚያመልጥ! ጥፋቱ ወዲህ፣ እሱ ወዲያ… በተኑን ማለቴ ነው።

ድምፄ ከፍ አለ እንዴ? ከጀርባሽ ማዳመጫ ያደረገ ሰው አይሰማም ብዬ ነው እኮ። ቅድም ጭንቅላቱን ሲወዘውዝ አልነበር? አሁን ምነው ቀጥ አለ…

አልተናደድኩም፤ ማን ነው የተናደደ? ደብዳቤው ላይ ግን እንዳትፈርሚ።

እኔ እንኳ የምመርቀው ከልቤ ነው። እንዲህ ያለ እጅ ይባረክ! ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጠው። ክፉ አይንካው። ድንገት ካመመው ግን… አያሳምመውና… ሌላ ቦታ ሲንከራተት አይዋል፤ እዚያው ክሊኒክ ያድርሰው፣ ስሙንም በገዛ እጁ በሠራው ፕሮግራም ይመዝግቡለት።

አሜን በይ እንጂ!