የእትዬ አንጓች የመጨረሻ ቀፎ

(በመስኖ ዳር ባለች መንደር፤ እትዬ አንጓች ከቀረቻቸው አንዲት የንብ ቀፎ አጠገብ ተቀምጠዋል፤ ጎረቤታቸው ይስማው፣ ሐብሐብ የሚያለማው ገበሬ፣ ቆሞ ይለምናል።)

ይስማው፦ ቀፎዎን ለሁለት ሳምንት ብቻ ያውሱኝ እትዬ! አበባው እየረገፈ ነው፤ አንድ ፍሬ እንኳ አልያዘም።

አንጓች፦ ሂድና እነዚያን ቀይ ጥንዚዛዎች ለምናቸው። ቅጠል የሚመጠውን ተባይ፣ ክሽክሹን፣ ከላዩ ላይ እየለቀሙ ይበሉልህ የነበሩትን።

ይስማው፦ የሉማ!

አንጓች፦ እንዴ! የት ሄዱ? አረብ አገር?

ይስማው፦ ይቀልዱብኝ፤ ይገባኛል።

አንጓች፦ በሳምንት ሁለቴ የተባይ መድኃኒት መርጫህን እንደ ሙሽራ ካባ ደርበህ ስትንጎራደድ አይቼሃለሁ። ክሽክሹ ሞተልህ?

ይስማው፦ መጀመሪያ ሞቶ ነበር።

አንጓች፦ አሁንስ?

ይስማው፦ ባሰበት።

አንጓች፦ የሚበላውን ገድለህለት ለምን አይፈነጭ!

ይስማው፦ ሚስቴ ወንዱን አበባ እየቀጠፈች ሴቷ አበባ ላይ ስታሽ ትውላለች። ወገቧ ተቆረጠ።

አንጓች፦ ጎሽ! የንብን ሥራ ለሚስትህ ሰጠሃት። ክንፍም ግዛላት።

ይስማው፦ ዘንድሮ ጤፍም አልዘራሁ እትዬ። ሐብሐቡ ካልያዘ ልጆቼ የሚቀምሱት የለም።

አንጓች፦ ለልጆቹስ አንጀቴ ይበላል። ግን አምና ሰባት ቀፎ ነበረኝ፤ ስድስቱ በአንድ ጠዋት ረገፉ። በመጥረጊያ ነው የጠረግኋቸው! ይቺን ደግሞ አንተ ብትጨርስብኝስ?

ይስማው፦ አልጨርስም! ሁለተኛ ስኳር አልጨምርበትም።

አንጓች፦ ምን አልክ?

ይስማው፦ …ምንም።

አንጓች፦ ስኳር?

ይስማው፦ መድኃኒቱ ቅጠሉ ላይ እንዲጣበቅ ብዬ ነው። ሌላው ሰው ሳሙና ይጨምራል፤ እኔ ስኳር ይበልጥ ይይዛል አልኩ። ንብ ይጠጣዋል ብዬ መቼ አሰብኩ!

አንጓች፦ ወይ ብልጠት! ድግስ ጠርተህ መርዝ አጠጣሃቸው! ታዲያ ጥፋተኛው ይውጣ ብለን አውጫጭኝ በተቀመጥን ቀን፣ አገር ሁሉ ተራ በተራ ሲምል፣ አንተ ምን አልክ?

ይስማው፦ «አላየሁም፣ አልሰማሁም።»

አንጓች፦ ጥፋቱስ ማን ላይ ወደቀ?

ይስማው፦ አያ ደምሌ ላይ።

አንጓች፦ መርጫ እንኳ በሌለው ሰው! በድንበር ስለተጣላኝ ብቻ «እሱ ነው» አልነው። ዓመት ሙሉ ሰላምታ ነሳሁት። ልጁን ሲድር ደጁን አልረገጥሁም።

ይስማው፦ ፈርቼ ነው እትዬ። እግርዎ ላይ ልውደቅ!

አንጓች፦ ተነስ! የሚወደቅበት እግር የእኔ አይደለም።

ይስማው፦ ቀፎውንስ ከለከሉኝ ማለት ነው?

አንጓች፦ ቀፎውን እሰጣለሁ።

ይስማው፦ እግዜር ይስጥልኝ! የት ላስቀምጠው?

አንጓች፦ አንተ ምን ቤት ነህ? የምሰጠው ለአያ ደምሌ ነው፤ ለበደልነው ካሳ ይሁነው። እርሻው ከሐብሐብህ ጎን ነው፤ ንቦቹ ይደርሱልሃል። ከዛሬ ጀምሮ ግን መርጫህን ከማንሳትህ በፊት እሱ ደጅ ቆመህ ታስፈቅዳለህ። ለምን እንደሆነም በአፍህ ትነግረዋለህ።

ይስማው፦ ቢያባርረኝስ?

አንጓች፦ ሁለታችንንም ነዋ! ቅደም፤ እኔም የምለምነው ይቅርታ አለኝ።