የሳፍታ አንቀልባ

ከኤን ጋኒም ሰፈር በተሳፈርሁበት ታክሲ ከፊቴ አንዲት እናትና አንዲት ወጣት ተቀምጠዋል፤ አይተዋወቁም። ታክሲው ጉብታ ሲዘል እናትየዋ «ወይ ወገቤ!» አሉ።

«ምን ሆነው ነው እማማ?»

«ጡቴን አሞኝ ሃክራና ላይ ነኝ፤ ጨረር። እጅሽን ወደ ላይ አድርገሽ እንዳትንቀሳቀሺ ይሉሻል። አልጋው ድንጋይ ነው። ጡቴን ሲያክሙት ወገቤ ታመመ።»

«ከጉልበቴ ሥር ትራስ አድርጉልኝ ይበሏቸው።»

«አድርገውልኛል፣ ይባረኩ። የሚብሰኝ ቤት ስገባ ነው።»

«ታዲያ ቤት ምን ያደርጋሉ?»

«የጎማ ኮዳ ሙቅ ውሃ እሞላና አዝለዋለሁ።»

«ያዝሉታል?»

«በአንቀልባ። ልጆቼን ባዘልሁበት።»

«ሙቀት ይፈቀዳል እንዴ?»

«ጨረሩ ካረፈበት አርቂው እንጂ ወገብሽ ላይ በሰደር ነው፣ ችግር የለውም ብላኛለች፣ ሐኪሟ።»

«ይሻልዎታል?»

«እንዴታ! ክብደቱም ሙቀቱም የሕፃን ነው። ሳላውቀው እሹሩሩ እላለሁ። በቀደም የልጄ ልጅ እኔን አያቷን ልትጠይቅ መጥታ ‹ሳፍታ፣ ማንን አዘልሽ?› አለችኝ።»

«ምን አሏት?»

«አባትሽን አልኋት።»

ወጣቷ ሳቀች። እሳቸው አልሳቁም።

«አባቷ ሰምቶ ምን አለ?»

«የት ሰምቶ! በር ላይ ቆሞ ‹ያላ፣ ነይ፣ ቸኩያለሁ› ይላታል። እንደቆመ ወሰዳት።»



«ውሃው ሲቀዘቅዝስ?»

«ቢቀዘቅዝም ቶሎ አልፈታውም፣ ልጄ።»

እኔም ልጅ ያዘልሁ ይመስል ጀርባዬን ወንበሩ ላይ ሳላስደግፍ መውረጃዬ ኪርያት ማታሎን ደረስሁ።