ሽማግሌዎቹን አይጦች ማን ይረከባል?

ክቡራትና ክቡራን፣

ይህን የጡረታ መሸኛ ዝግጅት ላሰናዳችሁልኝ ሁሉ አመሰግናለሁ። ከስንብቱ በፊት ግን አንድ ነገር እንረዳ። የፕሮስቴት እጢ በራሱ ፈቃድ አይሠራም። በውስጡ ያሉት ኢንዛይሞች የሚበረቱት ቴስቶስቴሮን የሚባለው የወንድ ሆርሞን በደም ሲደርሳቸው ነው። ሆርሞኑ ሲቋረጥ እጢው ይኮሰምናል፣ የኢንዛይሞቹም ሥራ ይዳከማል። ሲመለስ ያገግማሉ። የባዮሎጂ ሰዎች ይህን ታውቃላችሁ፤ የሒሳብ መምህራን ግን ኬኩ እስኪቆረስ ታገሡኝ።

ይህ በጎልማሳ አይጥ የታወቀ ነው። በሽማግሌ አይጥስ? ኢንዛይሙ ወደ ነበረበት ይመለሳል ወይ? እኔና የላቦራቶሪ ባለሙያዋ የደከምነው ለዚህ ጥያቄ ነው። አይጦቹን ማሳደግ ብቻ ሳይሆን ማስረጀት ነበረብን፤ እርጅና ደግሞ አይቸኩልም።

የሁሉም የዘር ፍሬ በቀዶ ጥገና ወጥቶ የራሳቸው ሆርሞን ተቋርጧል። ከዚያ ግማሾቹ ሆርሞን በዘይት ተበጥብጦ ይወጋሉ፤ ግማሾቹ ዘይቱን ብቻ። አንድ ተማሪ፣ "መምህር፣ ባዶ ዘይት መውጋት መርፌ ማባከን አይሆንም?" አለኝ።

"ለውጡን ያመጣው ሆርሞኑ እንጂ መርፌው አለመሆኑን በምን ታውቃለህ?" አልኩት።

ባለሙያዋ ከወዲያ ሆና፣ "እርስዎንም ከሽማግሌዎቹ ጋር ልመድብዎት?" አለችኝ።

"ከዘይቶቹ ጋር ከሆነ እሺ።"

"ግድ የለም፣ እርስዎ ላይ ሆርሞኑም ለውጥ አያመጣም።"

ይህችን ሴት እንዴት አልናፍቃት?

ባለፈው ሳምንት የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ፣ "እርስዎ ሲሄዱ የአይጦቹን ክፍል የተሰበሩ ወንበሮች ማስቀመጫ እናደርገዋለን" አሉኝ።

"አይጦቹስ?"

"እነሱም ጡረታ ይወጣሉ።"

የእነሱ ጡረታ ኬክ የለውም። በኃላፊው አልፈርድም፤ ባለቤት የሌለው ሥራ አይቀጥልም። የሚረከብ መምህር ከተገኘ ግን ክፍሉን እንደማይነኩት ቃል ሰጥተውኛል። መርፌው ተጀምሯል፤ የኢንዛይሙ ልኬት ገና ነው። አሁን ከቆመ እነዚያ ሁሉ እንስሳት የተሠቃዩት በከንቱ ነው፤ ሌሎች ሽማግሌዎችን ለማግኘትም እንደገና እርጅናን መጠበቅ ነው። ሥራው ከባድ አይደለም። እሑድ የሚባል ነገር የለውም እንጂ። መርፌውን ባለሙያዋ ትወጋለች፤ የሚያስፈልጋት ከጎኗ የሚቆምና በስሙ የሚፈርም መምህር ነው።

ለሁላችሁም ጤና ይስጣችሁ። የምታስተምሯቸው ልጆች "ለምን?" የሚሉ ይሁኑላችሁ። ቤታችሁ ይሙቅ፤ እርጅናችሁም ጧሪ አይጣ።

ኃላፊው የሚጠብቁት እስከ ዓርብ ብቻ ነው። ስለዚህ እኔ በር ላይ እቆማለሁ። እንቢታም መልስ ነው፤ አልቀየምም። ብቻ ሳትመልሱልኝ አትለፉ።