የሃኖይ ሾርባና የሰብለ ሰርግ

በኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ ሰው ለመብላት ብሎ ከቤቱ አይወጣም ነበር። ለለቅሶ ይወጣል፣ ለሰርግ ይወጣል፣ እዚያ ከደረሰ በኋላ ምግብ ቀረበ አልቀረበ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ብቻ «ለምግቡ ነው የመጣው» ከተባለ አለቀለት፣ ሆዳም ተብሎ ስሙ እስከ ልጅ ልጁ ይሄዳል። እና አንድ ቀን ልጄ ሰብለ መጣችና «እማዬ፣ እስያ ልንሄድ ነው» አለችኝ። «ምን ልታደርጉ?» «ልንበላ።» አትሳቂ አንቺ፣ እንዲሁ ነው ያለችኝ። «የምግብ ጉብኝት ነው» ትለኛለች። እኔ የማውቀው የሚጎበኝ ገዳም ነው፣ ካልሆነም የታመመ ሰው። ምግብ ምን ሆኖ ነው የሚጎበኘው?

ነገሩ ወዲህ ነው። እጮኛዋ ዳዊት አስጎብኚ ድርጅት ውስጥ ይሠራል፤ አሥራ ሁለት ሰው ሰብስቦ ባንኮክ፣ ሃኖይ፣ ጓንግዡ እያዞረ ሊያበላ ነው። ታዲያ ከአሥራ ሁለቱ ሁለቱ እኛ ነን፣ እኔና የሱ እናት፣ ወይዘሮ አስካለ። ሳሪስ የጨርቃጨርቅ ሱቅ ያላት፣ ስትራመድ መሬቱን እንደምታከብረው አድርጋ የምትረግጥ ሴት ናት። እኔን ደግሞ ታውቁኛላችሁ፣ ሠላሳ ዓመት እዚሁ አቃቂ ክር ፋብሪካ ነው ያረጀሁት። ምሳችን ግማሽ ሰዓት ነበር፤ እጅ መታጠቢያው ላይ ሰልፍ አለ፣ መቀመጫ ፍለጋ አለ፣ እና በቀረችህ ጊዜ ሳይረኑ ሳይጮህ መዋጥ ነው፣ መዋጥ! ታዲያ እጄ ለመደ። ጡረታ ወጣሽ ብለው ቢነግሩትም አልሰማም።

ለእጮኝነቱ ቤቴ የመጡ ቀን አስካለ ሳህኔን አየችው። እኔ ጨርሻለሁ፣ እሷ ገና ሁለተኛ ጉርሻዋ ላይ ናት። እና ያን ቀጭን ድምፅዋን አውጥታ፣ ፈገግ ብላ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «የፋብሪካ ሰው ሲበላ ደስ ይላል፣ ሳይረን ሳይጮህባቸው ቶሎ ቶሎ!» አትልም? ሰዉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ ምን ላድርግ በገዛ ቤቴ? ጥርሴ ነው እንጂ ሆዴ አልሳቀም። ስትወጣ ደግሞ በር ላይ ቆማ «ሰርጉ አይቸኩል፣ ትንሽ እንተዋወቅ» አለች። ትንሹ ዓመት ሞላው። ልጄ ከሳች። እና እነዚህ ልጆች መክረው መክረው፣ ሁለቱ እናቶች አንድ ማዕድ ላይ አሥር ቀን ከበሉ ነገሩ ይለዝባል አሉ። የዛሬ ልጅ ብልሃቱ ይኸው ነው፣ የማይበላሉ ሰዎችን ወስዶ የሚበላበት አገር ማስቀመጥ!

እኔ በልቤ ማልኩ። እሷ እያየችኝ ብሞት አልውጥም። እሷ ደግሞ ገና ቦሌ፣ ሻንጣ ሳናስመዝን፣ «እኔ ማን እንዳረደው የማላውቀው ሥጋ በአፌ አይዞርም» ብላ ለአሥራ ሁለታችንም አወጀች።

ባንኮክ ገባን። ወይ ምግብ! ሽሪምፑ ይመጣል፣ በኮኮናት የተሠራው ይመጣል፣ ስሙን የማላውቀው ይመጣል፣ ሽታው ብቻ ምራቅ ያስውጣል። እና እናንተ መቼም የኛን ሥርዓት ታውቃላችሁ። «ብዪ» ትባያለሽ፣ «አይ፣ ጠግቤያለሁ» ትያለሽ። «በሞቴ» ትባያለሽ፣ «ኧረ በቃኝ» ትያለሽ። «አፈር ስሆን!» ሲመጣ ያን ጊዜ እንደተገደድሽ ሆነሽ ትበያለሽ። እኔም እንደዚያው መስሎኝ አስተናጋጁ «ፊኒሽ?» ሲለኝ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ «ጠግቤያለሁ» አልኩት። ልጁ ሁለት መዳፉን ገጥሞ፣ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳኝና ሳህኑን ይዞት ሄደ! ሄደ በቃ! አንዴ መለስ ብሎ በሞቴ ቢል ምን ነበረበት? ዓይኔ ሳህኑን እስከ ወጥ ቤቱ በር ሸኘው።

አስካለም ያው ናት። ሜኑውን እንደ ማራገቢያ ይዛ፣ «እኔስ ሽታው ብቻ አጠገበኝ» ትላለች። ሽታው አጥግቧት ጉሮሮዋ ምን ያወጣው ያወርደው ነበር? አይቻለሁ እኮ! ከአጠገቤ ደግሞ አንድ ጡረተኛ ሰውዬ ነበሩ፣ «እትዬ ዘነቡ፣ ካልበሉት እኔ ላንሳው?» ይላሉ፣ አፌን ከፍቼ ሳልመልስ አንስተውታል። እግዜር ይይላቸው፣ በኔ ድርሻ ነው ጉንጫቸው የሞላው።

ሦስት ቀን እንዲህ ሆንን። የያዝኩት ዳቦ ቆሎ አለቀ። ሃኖይ በገባን ዕለት ሰብለ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ማልቀስ ጀመረች። «እማዬ፣ ዳዊት ተስፋ ቆርጧል። እናቶቻችን አብረው አንድ ጉርሻ መዋጥ ካቃታቸው እኛ እንዴት አብረን እንኖራለን፣ ቢቀርስ እያለ ነው።» ደነገጥኩ። እውነቴን ነው፣ ለኔ ኩራት ብዬ የልጄን ትዳር ላፈርስ ነው ብዬ ደነገጥኩ። ነገ እበላለሁ አልኩ በሆዴ። መልሼ ደግሞ ያቺ ፈገግታዋ ታየችኝ፣ እና አልበላም አልኩ። ኩራት እኮ፣ ልጆቼ፣ በረሃብ አይወርድም፣ እንዲያውም ይብስበታል።

ሊነጋጋ ሲል ግን ሆዴ ቀሰቀሰኝ። ሰብለ ተኝታለች። ነጠላዬን ጣል አድርጌ፣ ቀስ ብዬ፣ ከሆቴሉ ወጣሁ። እና እዚያው ጥጉ ላይ፣ አስፋልቱ ዳር፣ አንዲት ሴትዮ ትልቅ ብረት ድስት ጥዳለች፣ በዙሪያው ለሕፃን የሚሆኑ የፕላስቲክ በርጩማዎች ተደርድረዋል። አንዷ በርጩማ ላይ ጀርባዋን የሰጠች ሰው አለች፣ ነጠላ የተከናነበች። ሃኖይ ውስጥ ነጠላ! ቀረብ አልኩ። ጎድጓዳ ሳህኑን በሁለት እጇ አንስታ ትምገዋለች፣ ፉት፣ ፉት፣ ፉት፣ መተንፈሻ የላትም። አጠገቧ ሌላ ባዶ ጎድጓዳ አለ።

«እንደምን አደሩ፣ ወይዘሮ አስካለ?» አልኳት።

ትን አላት! እኔው ጀርባዋን መታሁላት። ትንፋሿ ሲመለስ ምን ብትል ጥሩ ነው? «ለ... ለጨጓራዬ ነው። ሐኪሙ ትኩስ ነገር ውሰጂ ብሎኛል።»

«ሁለት ጎድጓዳ?»

«ጨጓራዬ ክፉኛ ነው የታመመው።»

ተያየን። ከዚያ ሴትዮዋን በእጅ ምልክት ጠርታ አንድ ጎድጓዳ አስቀዳችና ወደኔ ገፋ አደረገችው። «ብዪ» አለችኝ። አንቺ ስትለኝ ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነው። «አይ፣ ጠግቤያለሁ» አልኳት፣ ልማድ ነዋ፣ በረሃብ እየሞትኩ ጠግቤያለሁ እላለሁ። «ዘነቡ፣ በሰብለ ሞት!» አለች። አራት ቀን ሙሉ ማንም ያላለኝን ቃል! እንባዬ መጣ፣ አልዋሻችሁም። ተቀመጥኩና በላሁ።

«ሥጋው ምንድነው?» አልኳት በመሃል።

«የበሬ ነው።»

«ማን አረደው?»

«እኔ አልጠየቅኩም፣ አንቺም አትጠይቂ።»

ቀኑ ረቡዕ ነበር እንዴ? አላስታውስም፣ እናንተም አታስታውሱኝ። ብቻ ቀና ስል ሁለታችንም እኩል ጨርሰናል። የራሷን ሳህን ቂጥ አየች፣ የኔንም ሳህን አየችና፣ «ሱቁን ከመክፈቴ በፊት እዚያው ሳሪስ ጉልት ቸርቻሪ ነበርኩ» አለችኝ። «ገዢ ሲመጣ አፌ ሙሉ እንዳይሆን ጎንበስ ብዬ እውጥ ነበር። አንቺ ግማሽ ሰዓት ነበረሽ፣ እኔ እሱም አልነበረኝም።»

«ታዲያ በሰው ፊት ለምን ነካሽኝ?»

«አንቺን ሲያዩ እኔን አያዩማ» አለች። እንዲህ ነው ያለችኝ፣ ቃል በቃል።

ከዚያ ወዲያ በየማለዳው እዚያች ጥግ ነን። ጓንግዡም ስንሄድ አንድ የሩዝ ገንፎ የምትሸጥ አገኘን። ማዕድ ላይ ግን ያው ነን፣ እሷ ታራግባለች፣ እኔ ደረቴን ይዤ ጠግቤያለሁ እላለሁ። ድንገት ብንበላ ተርበው ኖሯል ይሉናላ! ልጆቹ ያዩናል፣ እንባቸው ቀርቧል፣ እኛ ደግሞ ሆዳችን ሞልቶ ከልባችን ጠግበናል። የመጨረሻው ቀን ሳህኖቹ ሊነሱ ሲል አስካለ ጉሮሮዋን ጠረግ አደረገችና፣ «ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ ይሁን» አለች። ዳዊት የሚበላበትን እንጨት ጣለው። ሰብለ እኔን ታያለች፣ እሷን ታያለች። ሳይበሉ የታረቁ ሰዎች አይታ አታውቅማ!

ሰርጉ ደረሰ። ዳሱ ውስጥ የሽማግሌዎቹ ጠረጴዛ ላይ ነን፣ የአስካለ የንስሐ አባትም አሉ። አንዱ ተነሣና «እስቲ ስለ እስያ አጫውቱን» አለ። አስካለ ምን ይዟት! «አሥር ቀን ሙሉ» አለች በዚያው ቀጭን ድምፅዋ፣ «ማን እንዳረደው የማላውቀውን አንዲት ጉርሻ አልቀመስኩም። ውኃና ሙዝ፣ ውኃና ሙዝ! ይኸው ዘነቡ ትመስክር!»

ጠረጴዛው ሁሉ ወደኔ ዞረ። እና ያ ሆዴ ውስጥ ዓመት የተኛው ነገር ብድግ አለ። አፌ ላይ ደርሷል፣ አንድ ቃል ብቻ ነው የቀረው። አስካለ ምን እንዳለች ያኔ ነው የገባት፣ ፊቷ አመድ መሰለ። እኔ ቀና ስል ሰብለ በቬሎዋ ወዲያ ማዶ ቆማ ትስቃለች።

«እውነቷን ነው» አልኩ። «እኔ ምስክር ነኝ።»

*(ከአድማጮቹ አንዷ፣ «ኧረ እትዬ! ምነው አላዋረዷትም? እሷ እንዳደረገችዎት?» አለቻቸው።)*

አይ ልጅነት! ልጄ የምትኖረው እሷ ግቢ ውስጥ እኮ ነው። ያዋረድሽው ሰው አንቺን ቢያጣሽ ልጅሽ ላይ ይወጣዋል። ገበናውን የሸፈንሽለት ግን ልጅሽን ቀና ብሎ አያያትም። ይኸው ዛሬ አስካለ፣ ያቺ መሬት የምትጠየፍ፣ «ሰብልዬ፣ አረፍ በይ፣ ወጡን እኔ ልሥራው» ትላታለች። ፍቅር ነው ትሉኝ ይሆናል። ፍቅርም አለበት፣ አልክድም፣ ግን የሚበዛው ፍርሃት ነው፤ ለልጄ ሁለቱም ይጠቅሟታል። ብቻ ይቺ ነገር ከዚህ በር እንዳትወጣ።

*(«እሺ፣ እርስዎስ፣ እውነቱን ይንገሩን፣ ስንት ጎድጓዳ በሉ?» አለች ልጅቷ። አሮጊቷ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው እስኪያነቡ ሳቁ።)*

እኔ? እኔማ ልጄ፣ ውኃና ሙዝ ብቻ!