ግንደ ቆርቁሩ በግራ ሲጮህ

በኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ ሽማግሌ ለጋብቻ ሲላክ ከሰው አፍ በፊት የሚሰማው የወፍ አፍ ነበር፤ አሁንስ ቀርቷል እንዴ? አልቀረም! ግንደ ቆርቁር በቀኝ ከጮኸ ትሄዳለህ፣ በግራ ከጮኸ ትመለሳለህ፣ በቃ። ታዲያ አምና ለወንድሜ ልጅ ለታሪኩ፣ ይቺን ምህረትን ልንጠይቅ ከወናጎ ወደ ኮንጋ ሄድን፤ ሦስት ሽማግሌ ከፊት፣ እኔ አሳዳጊ አክስቱ ከኋላ፣ እና ቶሎ በሉ፣ ቶሎ በሉ እላለሁ። ለምን በሉኝ፤ በነገታው የሌላ ቤት ሽማግሌ ይመጣል ሲሉ ሰምተናላ!

ታዲያ የአባቷ ቤት ታየ፣ ደረስን ስንል ከመንገዱ ዳር ዋንዛ ላይ "ክርርርር!" በግራ! የሽማግሌዎቹ መሪ ጋሽ ጅግሶ ቀጥ ብለው ቆሙ።

"እንመለስ።"

"ወዴት ነው የምንመለሰው? ለልጁ ምን ልበለው?" አልኩ።

ሁለተኛው ሽማግሌ ጋሽ በቀለ ዓይናቸውን አጨንቁረው፣ "ቆይ እስቲ፣ ትንሿ ዝንጉርጉሯ ግንደ ቆርቁር ናት፤ እሷ የምትጮኸው ለሆዷ ነው፣ አትቆጠርም" አሉ።

"ራሰ ቀዩ ነው እንጂ፣ የሚቆጠረው!" ጋሽ ጅግሶ።

"ራሱ የት ቀላ? ግራጫው ነው፤ የሱ ቅላት ቂጡ ላይ ነው!" አሉ ሦስተኛው።

ስሙኝማ! ሦስት ትልልቅ ሰዎች አንጋጠው በወፍ ቂጥ ይከራከራሉ፣ የልጄ ትዳር እዛ ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥሏል፣ እና ወፉ ኳ ኳ ኳ ያደርገዋል፣ ምን ገዶት!

ታዲያ ጋሽ ጅግሶ ፊታቸውን ወደ ወናጎ አዞሩ። ጋቢያቸውን ጨምድጄ ያዝኩ።

"ጋሼ፣ በሞቴ!"

"ልቀቂኝ! በግራ የተጀመረ ትዳር ለማን ይበጃል?"

ይሄኔ የምህረት አባት አቶ ወራሳ እጃቸው አፈር እንደለበሰ ብቅ አሉ። "ምነው፣ ደጄ ደርሳችሁ ወዴት?"

ሽማግሌዎቹ ወደ ዋንዛው አንጋጠጡ። እኔ ግን አላስቻለኝም፣ "ወፉ በግራ ጮኸብን!" አልኩ።

አቶ ወራሳ ዋንዛውን አዩ፣ እኛን አዩ፣ እና "በግራ? እኔኮ ከጠዋት ጀምሮ በረንዳ ላይ፣ ፊቴን ወደ መንገዱ አድርጌ ስጠብቃችሁ ነበር፤ ለኔ በቀኝ ነው የጮኸው! ልጅ ሰጪው እኔ አይደለሁ? ግቡ!" አሉ።

ጋሽ ጅግሶ ጥቂት አሰቡ፣ አሰቡ፣ እና "ለሰጪው በቀኝ ከሆነ... ይሁን" ብለው ቀድመውን ገቡ። ያኔ ነው ነፍሴ የተመለሰችው!

"አክስቴ፣" አለች ምህረት አሁን አጠገቤ ተቀምጣ፣ "አባዬኮ በረንዳ ላይ አልነበረም። ጓሮ እንሰት ሲተክል ነበር። ወፉንም አልሰማም!"

ካካካ! ዝም በይ አንቺ፣ ጋሽ ጅግሶ እንዳይሰሙሽ!