በፍሪጅ የታቀፉ እንቁላሎች

(ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ከቀትር በኋላ፤ ጡረተኛው የባቡር መካኒክ ንጋቱ ከአሮጌ ፍሪጅ የሠራውን የእንቁላል መፈልፈያ በጀርባው ከልሎ ቆሟል፤ ጎረቤቱ ወይዘሮ ደብሪቱ ፊቱ ተደቅነዋል።)

ደብሪቱ፦ ዞር በልልኝ ብያለሁ! እንቁላሎቼን ይዤ እሄዳለሁ።

ንጋቱ፦ ቀናቸው እኮ ዛሬ ነው። እስከ ማታ ታገሺኝ፣ ደብሪቱ።

ደብሪቱ፦ ዶሮ ሆድ ሥር ቢሆኑ ይኼኔ ግቢውን ሞልተውት ነበር። ለማቀዝቀዣ የተሠራ ዕቃ ይፈለፍላል ብዬ ማመኔ!

ንጋቱ፦ ሸለምጥማጥ ዶሮሽን የበላት ዕለት እንቁላሎቹን በነጠላሽ ጠቅልለሽ እየሮጥሽ የመጣሽው አንቺ ነሽ። «ንጋቱ ድረስልኝ!» ያለችውስ ማን ነበረች?

ደብሪቱ፦ ሰው ሲደነግጥ የማይጠራው የለም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል ነው የሰማሁት፤ በአምፖልና በሽቦ ይሄዳል ያለ አባት የለም።

ንጋቱ፦ ወዴትስ ልትወስጃቸው ነው? ነገ ልጅሽ ፀዳለ መኪና ይዛ ልትወስድሽ ትመጣለች። አዳማ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ማን ሊታቀፍልሽ?

ደብሪቱ፦ እሱን ለኔ ተወው።

ንጋቱ፦ «ዶሮዬ ታቅፋለች፣ ጥያት አልመጣም» እያልሽ ስንት ጊዜ መለስሻት!

ደብሪቱ፦ ታዲያ ዋሸሁ? ታቅፋ ነበራ!

ንጋቱ፦ ዶሮዋስ አንዴ ታቀፈች። ዓመቱን ሙሉ የታቀፍሽው አንቺ ነሽ።

ደብሪቱ፦ ሳቅ አንተ! አሁን ዶሮዋ የለች። እነዚህም ድንጋይ ሆነው ከቀሩ ምን ብዬ እመልሳታለሁ? እሄዳለኋ።

ንጋቱ፦ እኔስ?

ደብሪቱ፦ አንተ ምን?

ንጋቱ፦ ምንም። ...ዝም በይ እስቲ! ሰማሽ?

ደብሪቱ፦ ምኑን?

ንጋቱ፦ ከውስጥ «ጪው» አለ!

ደብሪቱ፦ ክፈተው! አይ፣ ተው አትክፈተው! አንተ እንደሁ የሱቅ በር አድርገኸዋል።

ንጋቱ፦ እንቁላሉን ለማገላበጥ ነው የምከፍተው።

ደብሪቱ፦ ለማገላበጥ ሁለቴ፣ ለማየት ሃያ ጊዜ! ከአጥሬ ማዶ አይህ የለ?

ንጋቱ፦ አጥር ላይ ተንጠልጥለሽ የምታይው እንቁላሉን ነው ወይስ እኔን?

ደብሪቱ፦ ያንተ ምንህ ይታያል? ይልቅ ክፈት።

ንጋቱ፦ ይኸው... አንዷ ጫጩት በምንቃሯ ቀዳዳ አበጅታለች። ግን ቆማለች። ከቅርፊቱ ሥር ያለው ስስ ቆዳ ደርቆ እንደ ብራና ይዟታል። በጥፍሬ ልላጥላት?

ደብሪቱ፦ እጅህን! ከላጥካት ደሟ ይፈሳል።

ንጋቱ፦ እርጥበት ነው ያጣችው። ይኼ የድሬ አየር እንኳን እንቁላል የሰው ተረከዝ ይሰነጥቃል። ግን እኮ ጣሳ ሙሉ ውሃ አስቀምጬ ነበር፤ እዚህ ታች፣ ከእንቁላሎቹ ሥር ጥግ ላይ፤ ዓይኔ እንቁላሉ ላይ ብቻ ነበራ። ጣሳው የታለ? ይኼስ ምንድን ነው?

ደብሪቱ፦ ምኑ?

ንጋቱ፦ የሃዲድ ሚስማር! ዶሮ ጭራ ጭራ ታወጣለች ካራ ይባላል፤ እኔ ሚስማር አወጣሁ።

ደብሪቱ፦ ምን ታስደነግጠኛለህ? ባለፈው ሰማዩ ሲያጉረመርም እኔ ነኝ ያስገባሁት። ብረት ካልተደረገበት ነጎድጓድ እንቁላሉን ያበላሸው የለ? እናቴም ከዶሮዋ ሥር ብረት ታኖር ነበር።

ንጋቱ፦ ፍሪጁ ራሱ ብረት አይደለም?

ደብሪቱ፦ እሱ የፈረንጅ ብረት ነው። ቦታ ሲጠበኝ ጣሳውን አወጣሁት። የመጠጥ ውሃህን ረስተህ የሄድክ ነው የመሰለኝ!

ንጋቱ፦ ይኼን ሁሉ ቀን በደረቁ ነዋ የከረሙት!

ደብሪቱ፦ ...ትሞታለች?

ንጋቱ፦ እንጃ። ለብ ባለ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ቢነጠፍላት... እኔ ቤት ያለው ጨርቅ ሁሉ ደግሞ የማሽን ቅባት፣ ግራሶ የጠጣ ነው።

ደብሪቱ፦ እንካ።

ንጋቱ፦ ሻሽሽን? ፀዳለ ለመንገዱ ብላ የላከችልሽን?

ደብሪቱ፦ ውሃውን አሙቅ። ለመንገድ የተገዛ ሁሉ መንገድ ይሄዳል ያለህ ማን ነው?

ንጋቱ፦ ፀጉርሽ እንዲህ መሸበቱን አላውቅም ነበር።

ደብሪቱ፦ ሽበት ነው፣ ጫጩት አይደለም። እንቁላሉን እይ!

ንጋቱ፦ በቃ፣ አንጥፌላታለሁ። ጣሳውንም መልሻለሁ። ዘጋሁት።

ደብሪቱ፦ አሁን እጅህን ጭንህ ላይ አድርግና ተቀመጥ። ያን በር ብትነካ ወየውልህ።

ንጋቱ፦ ...ፀሐይዋ እኮ ዘቀዘቀች። አንዴ ብቻ ልይ?

ደብሪቱ፦ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ተቀመጥ!

ንጋቱ፦ ስሚ! ይኼ የአንድ ጫጩት ድምፅ አይደለም።

ደብሪቱ፦ አዎ... አይደለም። በል ቶሎ ከፍተህ ቶሎ ዝጋ።

ንጋቱ፦ ወጥታለች! ሻሽሽ ላይ ተዘርራለች፤ እርጥብ፣ አስቀያሚ! ሁለተኛዋም ምንቃሯን ብቅ አድርጋለች።

ደብሪቱ፦ አስቀያሚስ አንተ! ቁርጥ እናቷን! አንገቷን ስታቀና አታይም?

ንጋቱ፦ እንግዲህ... ነገ በካርቶን አድርጌ መኪናው ላይ ልጫንልሽ?

ደብሪቱ፦ ላባቸው ሳይጠነክር? ከሙቀታቸው ተለይተው? ምን ዓይነት ጨካኝ ነህ!

ንጋቱ፦ ምን ላድርግ ታዲያ? ሙቀቱ ያለው እኔ ቤት፣ እናታቸው ሻንጣዋን አስራ አንቺ ቤት።

ደብሪቱ፦ የታሰረ ይፈታል። ለፀዳለ እኔ እነግራታለሁ። አንተ ብቻ ነገ በጠዋት ተነስና አጥሩ ላይ በር አውጣበት፤ በዚህ ዕድሜዬ ጫጩት ለማየት በዋናው መንገድ ስዞር አልኖርም።